የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውሃ በአንድ ቀጭን ሽቦ

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየማለዳው አንድ ጉድጓድ አፍ ላይ ተንበርክካችሁ ታውቃላችሁ? በዝናብ፣ በብርድ፣ በጉንፋን፣ በሠርግ ማግስት? ምልክት የተደረገበት ገመድ ወደ ጨለማው ልካችሁ፣ ጫፉ ላይ ያለው ብረት ውሃውን ሲነካ የምትሰማዋን ጠብታ የመሰለች ድምፅ በጆሯችሁ ለቅማችሁ፣ ገመዱን በሁለት ጣት ቆንጥጣችሁ፣ ቁጥሩን እንደያዛችሁ ቢሮ ገብታችሁ መዝግባችሁ ታውቃላችሁ? አታውቁም። እኔም አላውቅም። ታላቅ እህቴ ግን ታውቃለች።

የውሃ ቢሮ ባልደረቦቿ «ሴንቲ» ይሏታል። ውሃው ከጉድጓዱ አፍ ስንት ሜትር ወረደ ተብላ ስትጠየቅ ሜትሩን ብቻ ተናግራ አታውቅም፤ ሴንቲሜትሩን ካልጨመረች ምሳ አይበላላትም። መጀመሪያ ወረቀት ላይ ትጽፋለች፣ ቀጥላ ቢሮው ገና በጠዋቱ የገዛው አሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ ታስገባለች። ያ ኮምፒውተር የመጣ ጊዜ ሌላው ሠራተኛ ሁሉ ቦምብ የመጣ ይመስል ነበር የሸሸው። እሷ ግን ሊተክለው ከመጣው ቴክኒሻን ሥር ሥር እያለች መመሪያውን ከዳር እስከ ዳር ሸመደደችው።

አሁን ወደ ንዴቴ ልምጣ።

ከዋናው መሥሪያ ቤት አንድ ባለሙያ መጣ። ጉድጓዱ ሁለተኛ ፓምፕ ይሸከማል፣ ውሃው ንቅንቅ አላለም የሚል ሪፖርት አስቀድሞ ጽፏል። የእህቴ ቁጥር ደግሞ ውሃው ከአራት ሜትር በላይ ወርዷል ይላል። ከሁለት አንዱ መውደቅ ነበረበት። ሰውዬው ሪፖርቱን ከሚጥል እህቴን መጣል ቀለለው፤ በሦስት መስመርም ጣላት። ደብዳቤው ይኸውና፤ ቃል በቃል ነው የገለበጥኩት፦

«አንደኛ፣ የወረቀት መዝገቦቹ በጣራ ፍሳሽ ተበላሽተዋል። ሁለተኛ፣ መረጃው የተያዘበት ኮምፒውተር ስክሪኑ የተቃጠለ፣ ዲስኩም በዛሬ መሣሪያ የማይነበብ በመሆኑ መረጃውን ማውጫ ምንም መንገድ የለም፤ ረቡዕ በስድስት ሰዓት በቁርጥራጭ ብረትነት ይወገድ። ሦስተኛ፣ ሠራተኛዋ ያቀረቧቸው አኃዞች ማረጋገጫ የሌላቸው ፈጠራ ስለሆኑ በዚያው ዕለት ከቀኑ በስምንት ሰዓት ዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ይቅረቡ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለእኔ ስሙ ባለ ሦስት መስመሩ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመትን በሦስት መስመር ያጠፋ ሰው ከዚህ የተሻለ ስም አይገባውም።

እህቴ ደብዳቤውን ዓርብ ማታ ቤቴ ይዛው መጣች። አላለቀሰችም። ወንበር ላይ ቁጭ ብላ «ፈጠራ» የሚለውን ቃል በጣቷ ደጋግማ ነካችው፤ ቀለሙ የሚለቅ እንደሆነ የምታይ ነው የምትመስለው።

«ሌባ ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር» አለች። «ሌባ ቢያንስ የወሰደው ነገር አለ።»

እኔ ደግሞ ደሜ የፈላው በሁለተኛው መስመር ነው። ማውጫ ምንም መንገድ የለም! በቴክኒክ ትምህርት ቤት ኤሌክትሮኒክስ ሳስተምር ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ተማሪ እንዲህ ብሎ ቢጽፍልኝ ወረቀቱን አልመልስለትም ነበር። ሰውዬው ኮምፒውተሩን ያየው ከፊት ነው፤ ዞር ብሎ ከኋላ አላየውም። ከኋላው ሃያ አምስት ቀዳዳ ያለው፣ ከአውራ ጣት ብዙም የማይረዝም መሰኪያ አለ፤ ሲሪያል ፖርት። እሱ በር ነው! መስኮቱ የተሰበረበትን ቤት በሩን ሳይሞክር «መግቢያ የለውም» ብሎ የሚያስፈርስ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አየሁ። ደመወዝም ይከፈለዋል።

በሩ ጠባብ መሆኑን አልክድም። ፊደሎች ተደርድረው፣ እያንዳንዱም ፊደል ወደ አዎንና አይደለም ተበጣጥሶ፣ አንዱ የአንዱን ጀርባ እየተከተለ በአንዲት ሽቦ ነው የሚወጡት። ሁለቱ ማሽኖች አስቀድመው መስማማት አለባቸው፦ በምን ፍጥነት፣ አንድ ፊደል በስንት ቁራጭ፣ ማብቂያው በምን ምልክት። ከሁሉ በፊት ደግሞ የአንዱ አፍ ከሌላው ጆሮ ጋር መገናኘት አለበት። አፍ ከአፍ ጋር ከተገናኘ ሁለቱም ያወራሉ፣ ማንም አይሰማም። ኮምፒውተርን ከኮምፒውተር ጋር ስታገናኙ ሽቦዎቹን ማሻገር ያለባችሁ ለዚህ ነው፤ የዚህኛው መላኪያ፣ ሁለተኛው ፒን፣ ወደዚያኛው መቀበያ፣ ወደ ሦስተኛው፣ የዚያኛው ሁለተኛ ወደዚህኛው ሦስተኛ። አንድ ጊዜ ብቻ። ይቺን «አንድ ጊዜ ብቻ» ያዙልኝ።

እሑድ ዕለት ቤቷ ሄጄ ሥራ ተከፋፈልን። ተከፋፈልን ስል ተጣላን ማለቴ ነው።

«ኬብሉን አንተ ሥራ» አለችኝ። «ማሽኑን ለእኔ ተወው። ማሽኑን አታውቀውም።»

«እትዬ፣ ማሽን ማሽን ነው እኮ።»

«ማሙሽ፣ አልኩህ።»

አርባ ሰባት ዓመቴ ነው። ተማሪዎቼ ሲያዩኝ መንገድ ይለቃሉ። እሷ ግን እስከ ዛሬ ማሙሽ ነው የምትለኝ።

«የመሰኪያው ካርድ ላይ ያለው የመላኪያ ፍጥነት ስንት እንደሆነ ትዝ ይልሻል?»

«በሰከንድ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ቁራጭ። ራሴ ነኝ ያስተካከልኩት።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

ባሏ ከጓዳ ሆኖ «ኧረ ዝም በል ወንድሜ፣ በሕይወት መኖር አትፈልግም?» አለኝ።

ሽቦውን ማን ያሻግር የሚለውን አልተነጋገርንበትም። ለምን እንነጋገራለን? ለእኔ ማሻገር የኬብል ሥራ መሆኑ እንደ ፀሐይ ግልጽ ነበር። ለእሷ ደግሞ የማሽን ሥራ መሆኑ እንደ ፀሐይ ግልጽ ነበር። በቤታችን ሁሉም ሰው የራሱን ሥራ ይሠራል፤ ከዚያ ሌላው እንደሚያበላሸው ስለሚያውቅ የሌላውንም ሥራ ደርቦ ይሠራል። አባታችን በር ቆልፎ ሲተኛ እናታችን ተነስታ ታረጋግጥ ነበር፤ ታረጋግጥ ስል በጨለማ ቁልፉን አንዴ ታዞረዋለች። የተቆለፈውን እየከፈተችብን ስንት ዓመት እንዳደርን እግዜር ነው የሚያውቀው።

ሰኞ እሷ «የግል ዕቃዬን ልለይ» ብላ ኮምፒውተሩ የተቀመጠበት ንብረት ክፍል ገባች። እኔ ትምህርት ቤት የሥራ ጠረጴዛዬ ላይ ኬብሉን በየድኩ። ሽቦውን ላጥኩ፣ ስታኞውን አቀለጥኩ፣ እያንዳንዷን ፒን በቴስተር ፈተንኩ፤ እንደዚያ ያማረ ብየዳ በሕይወቴ ሠርቼ አላውቅም። ፈቃድ የምትጠይቀዋን ፒን ፈቃድ ከምትሰጠዋ ጋር እዚያው መሰኪያው ውስጥ አገናኘኋቸው፤ ማሽኑ ራሱን ጠይቆ ለራሱ እንዲፈቅድ። ይኸ የተፈቀደ ዘዴ ነው፤ ለማሽኖች ፈቃድ መስጠት የዓይን ጥቅሻ የምታህል ጊዜ አይፈጅም፤ ዓመት የሚፈጀው መሥሪያ ቤቶች ጋ ነው።

ረቡዕ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት ንብረት ክፍል በር ላይ ነበርን። ማክሰኞ ያልሄድነው ንብረት ያዧ ቆጠራ ወጥታ ስለነበር ነው። ንብረት ያዧ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣ የቁልፍ ዘለላዋን እንደ አምባር ክንዷ ላይ አጥልቃ የምትውል ሴት ናት። ወረቀት ላይ ያልተጻፈ ነገር ብትለምኗትም አታደርግም፤ የተጻፈውን ደግሞ ብትለምኗትም አትተውም።

«ከዚህ ክፍል ምንም ዕቃ አይወጣም» አለችን።

«አይወጣም» አልኩ።

ትከሻዬ ላይ ያንጠለጠልኩትን ላፕቶፕ ኮምፒውተርና እጄ ላይ የተጠመጠመውን ኬብል አየች። የደረሳትን የባለ ሦስት መስመሩን ደብዳቤ አውጥታ አነበበች። ረጅም ጊዜ አነበበች።

«አይገባም ግን አይልም» አለችና በሩን ከፈተችው። ላቅፋት ምንም አልቀረኝም ነበር።

ማሽኑ ጥግ ላይ፣ በተሰባበሩ ወንበሮችና በዛጉ የውሃ ቆጣሪዎች መካከል ቁጭ ብሏል። ሽንጡ ሰፊ፣ ቀለሙ ቢጫ የነካው ነጭ፣ ፊቱ ላይ ሁለት የዲስክ አፍ። ስክሪኑ እንደ ከሰል ጠቁሯል። እህቴ መሐረቧን አውጥታ ቁልፎቹን ጠረገች፤ ከዚያ ስፒናውን ሰካችና ከጎን ያለውን ማብሪያ ጫነችው።

ማራገቢያው አጉተመተመ። ዲስኩ ሁለት ጊዜ ጠቅ ጠቅ፣ አንድ ጊዜ ጭርር አለ።

«ተነሳ!» አለች። በስክሪኑ ላይ አንዲት ነጥብ የለችም፤ እሷ ግን ሁሉንም ታያለች። «ሁለት ጊዜ ጠቅ ካለና ጭርር ካለ ተነስቷል ማለት ነው። አሁን ትእዛዝ እየጠበቀ ነው።»

«ስክሪን የለ፣ እንዴት ነው የምትጽፊው?»

«አንተ ስምህን ስትጽፍ መስታወት ታያለህ?»

ኬብሉን ሰካሁ። የእኔን ኮምፒውተር በአንድ ሺህ ሁለት መቶ ፍጥነት አዘጋጅቼ ጆሮ ሰጠሁ። እህቴ ጨለማው ስክሪን ፊት ቀጥ ብላ ተቀምጣ፣ ፋይሉን በኋላ በር ላክ የሚለውን ትእዛዝ በጣቶቿ ትዝታ ጻፈችው። የመጨረሻዋን ቁልፍ መታች። ዲስኩ ተንጫጫ፤ ማንበብ ጀመረ! ስክሪኔ ላይ አፈጠጥኩ።

ምንም።

ዲስኩ እያነበበ ነው፣ ማሽኑ እየላከ ነው፣ ወደ እኔ ግን አንዲት ፊደል አትደርስም። እንደገና ጻፈች። ምንም። ኬብሉን ነቅዬ ሰካሁ፤ ምንም። ፍጥነቱን ወደ ሦስት መቶ፣ ከዚያም ወደ ዘጠኝ ሺህ ስድስት መቶ ቀያየርኩ። የፍጥነት ስህተት ቢሆን ኖሮ ቆሻሻም ቢሆን ይመጣ ነበር፤ ዝምታ የሽቦ ችግር ነው። ይህን ለተማሪዎቼ በየዓመቱ የምነግራቸው ራሴ ነኝ።

«ኬብልህ ነው» አለች።

«ኬብሌን በቴስተር አንድ በአንድ ፈትኜዋለሁ።»

«ያኔ የበሩን ደወልም አንድ በአንድ ፈትኜዋለሁ ብለህ ነበር።»

«እትዬ! አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር!»

«ጎረቤት በመጣ ቁጥር መብራት ይጠፋ ነበር» አለች ለንብረት ያዧ። ንብረት ያዧ በጣም አስፈላጊ መረጃ እንደሰማች ሁሉ ራሷን ነቀነቀች።

ኬብሉን ነቅዬ ቴስተሩን አወጣሁ። የሚልክ ማሽን ዝም ባለ ጊዜ እንኳ የመላኪያ ፒኑ ላይ ከዜሮ በታች አሥራ አንድ ቮልት ገደማ ያሳያል። የቴስተሩን ጥቁር ጫፍ የመሬት መስመሩ ፒን ላይ፣ ቀዩን ሁለተኛው ፒን ላይ አደረግሁ።

ዜሮ።

እንደገና ለካሁ። ዜሮ። አራት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ወደ ውጭ የምትልከው ቺፕ ከሞተች፣ እሷን የመሰለች ቺፕ ዛሬ በየትኛውም ሱቅ የለችም፤ ብትኖርም በአንድ ሰዓት ተኩል አትደርስም። ሁለተኛው መስመር እውነት ሊሆን ነው። የባለ ሦስት መስመሩ ፊት ዓይኔ ላይ ድቅን አለ። ያንን ሰው ትክክል ነህ ከምል ቴስተሩን ብውጠው ይሻለኛል።

«ሞታለች» አልኩ። «ላኪዋ ቺፕ ሞታለች፣ እትዬ።»

እህቴ ጎንበስ ብላ የያዝኩትን ቀይ ጫፍ አየች።

«የት ላይ ነው የለካኸው?»

«ሁለተኛው ፒን ላይ።»

«ለምን ሁለተኛው ላይ?»

«ኮምፒውተር የሚልከው በሁለተኛው ፒን ስለሆነ ነዋ! ይኸን ደግሞ ልታስተምሪኝ ነው?»

«እስከ ሰኞ ድረስ በሁለተኛው ነበር» አለች፣ ቀስ ብላ።

አየኋት። አየችኝ።

«ሰኞ ምን አደረግሽ?»

«ከፈትኩት። ካርዱ ላይ ሁለቱን የሚያቀያይሩ፣ ጥፍር የሚያክሉ ቆቦች አሉ፤ ነቅዬ አሻገርኳቸው። ኮምፒውተርን ከኮምፒውተር ጋር ስታገናኝ ማሻገር አለብህ። አንተ መቼም ትረሳዋለህ ብዬ...»

«ኬብሉ ውስጥ አሻግሬዋለሁ!» ጮህኩ። «ኬብሉ ውስጥ አሻግሬዋለሁ እኮ!»

ሁለት ጊዜ የተሻገረ ሽቦ ቀጥ ያለ ሽቦ ነው። አፍ ከአፍ ጋር! የእሷ ማሽን በእኔ ማሽን አፍ ውስጥ ሲጮህ ነው ያረፈደው። ቀዩን ጫፍ ሦስተኛው ፒን ላይ አሳረፍኩት፤ መቁጠሪያው ዘለለ፣ ከዜሮ በታች አሥራ አንድ! ሕያው ናት! ቺፗ ሕያው ናት! ሳቄ መጣ። እህቴ አፏን በመሐረቧ ይዛ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ማፈን አቅቷት ፈነዳች። ንብረት ያዧ ምን እንደተፈጠረ ሳይገባት ከእኛ በላይ ሳቀች።

ማን ይመልስ በሚለው ላይ ግን እንደገና ተጣላን። ጊዜ እየሄደ!

«ኬብልህን አስተካክል» አለች። «እኔ ስምንት ብሎን ልፈታ ነው?»

«በምን ላስተካክለው? የብየዳ ካውያ ያስፈልገኛል።»

«እሳት አይነድም» አለች ንብረት ያዧ ወዲያው፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት እያሳየች። «ተጽፏል።»

እህቴ ካቻቢቴውን ከእጄ ነጠቀችኝ። «ለአንተ ብዬ አይደለም» አለች። «ለውሃው ነው።» ማሽኑን አጥፍታ ስምንቱን ብሎን ፈታች፣ ክዳኑን አነሳች፣ ካርዱ ላይ ጎንበስ ብላ ሁለቱን ቆቦች በጥፍሯ ነቅላ ወደ ጥንት ቦታቸው መለሰቻቸው። ክዳኑን ስትመልስ ሁለት ብሎን ብቻ ነው ያሰረችው፤ ስድስቱን ኪሴ ውስጥ ከተተችልኝ።

ማብሪያ። ማራገቢያ። ጠቅ ጠቅ፣ ጭርር። ጣቶቿ ሮጡ። የመጨረሻዋ ቁልፍ።

መጣ!

ስክሪኔ ላይ ፊደል ፈሰሰ! ግን ምን ዓይነት ፊደል! የተሰባበረ፣ ቀንድና ጭራ ያበቀለ፣ መሐል መሐል ላይ ደህና ቁጥር ጣል ጣል ያለበት፣ መስመሮቹ እንደ ደረጃ ወደ ጎን እየወረዱ የሚሸሹ። ንብረት ያዧ አንገቷን አስግጋ «ይኼ ነው አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ?» አለች በሐዘኔታ።

«ፍጥነቱ ነው» አልኩ።

«ፍጥነቱ አይደለም» አለች እህቴ። እርሳሷን ከጆሮዋ ላይ አውርዳ ስክሪኔን እየነካች ማንበብ ጀመረች። የመጀመሪያው ቀን ንባብ አሥራ አንድ ሜትር ከአርባ ሁለት እንደነበር በቃሏ ታውቃለች፤ እዚያ ቦታ ላይ አራቱም ቁጥሮች የተበላሹ ናቸው። ሁለተኛውን ቀን፣ ሦስተኛውን፣ አሥረኛውን ከትዝታዋ ጋር አስተያየች። «ዜሮ ደህና ናት። ሦስት ደህና ናት። አምስት፣ ስድስት፣ ዘጠኝ ደህና ናቸው። አንድ፣ ሁለት፣ አራት፣ ሰባት፣ ስምንት ናቸው የተበላሹት፤ ሁልጊዜ እነሱው ናቸው። ማሙሽ፣ ብልሽት እንዲህ ሥርዓት የለውም። ይኼ ብልሽት አይደለም።»

በፊቴ ላይ በረዶ ውሃ የተደፋብኝ ያህል ነቃሁ። እያንዳንዱን ቁጥር በጣቴ በታተንኩት። ዜሮ ውስጥ ሁለት አዎን አለ፤ ሦስት ውስጥ አራት፣ አምስት ውስጥ አራት፤ ሁሉም ሙሉ ጥንድ ናቸው። አንድ ውስጥ ሦስት፤ ሰባት ውስጥ አምስት፤ ጎደሎ ናቸው። የድሮው ማሽን ፊደሉን በሰባት ቁራጭ ልኮ ስምንተኛዋን ጠባቂ ነው ያደረጋት፤ ጎደሎውን ጥንድ እንድታደርግ፣ መንገድ ላይ ስህተት ቢገባ እንድትጮህ። እኔ ጠባቂዋን የፊደሉ አካል አድርጌ ቆጥሬያት ኖሯል! ያቺ ማሽን ስህተትን ለመያዝ ተጠንቅቃ ስትልክ እኔ ጥንቃቄዋን ቆሻሻ ብዬ አነበብኩት!

«ሰባት፣ ጥንድ ጠባቂ!» ብዬ ኮምፒውተሬን አስተካከልኩ። «ላኪው! እትዬ፣ እንደገና ላኪው!»

ለስድስት ሰዓት ሃያ ጉዳይ ነበር። ጻፈች። መታች።

የመጀመሪያው ዓመት፣ የመጀመሪያው ወር፣ የመጀመሪያው ቀን፤ አሥራ አንድ ሜትር ከአርባ ሁለት።

ንጹሕ። እንደ ማለዳ ውሃ ንጹሕ! ከዚያ ሁለተኛው ቀን፣ ሦስተኛው፣ መስመር ከመስመር ሥር ቀጥ ብሎ። በሰከንድ መቶ ሃያ ፊደል፤ ቆጠርኩት፣ አንድ ዓመት በአንድ ደቂቃ ነው የሚያልፈው። እህቴ ቆማ ነበር የምታየው። ከንፈሯ አብሮ ይንቀሳቀሳል።

«እዚች ላይ ገመዱ ተበጥሶብኝ ነበር» አለች። «እዚች ላይ ያ ትልቁ ዝናብ፤ አየህ፣ ሰባት ሴንቲ ወጣ። አየህ እንዴት እንደወጣ!»

«ይቺ ምንድን ናት?» አለች ንብረት ያዧ፣ አንድ መስመር ላይ ቁጥሩ ያለበት ቦታ ላይ ያለችውን ሰረዝ እያሳየች።

«ልጄን የወለድኩ ዕለት። ባለቤቴ ሄዶ ለክቶልኝ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልገባም?»

«ገመዱን ሲይዝ ስላላየሁት» አለች።

ኋላ ሁሉም ወርዶ ሲያልቅ አሥራ አንድ ሰረዝ ቆጠርኩ፤ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አሥራ አንድ ሰረዝ። ቁጥር የሚፈጥር ሰው ሰረዝ ለምን ይፈጥራል? እስቲ ይህን ንገሩኝ!

አሥራ አራተኛው ዓመት ማለቂያ ላይ ውጭ የጭነት መኪና ሞተር አጓራ። በሩ ተከፈተና ባለ ሦስት መስመሩ ከሁለት ጫኞች ጋር ገባ። ክራባቱ ቀጥ ያለ፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ። ማሽኑን አየ፣ ኬብሉን አየ፣ የሚፈሰውን ቁጥር አየ። ቀለሙ ተለዋወጠ።

«ይህ ምንድን ነው? ማን ፈቀደ?»

«ማውጫ መንገድ ነው» አልኩ። «የለም ያልከው።»

«ንቀሉት!» አለ ለጫኞቹ፣ እሱ ራሱ ደግሞ ወደ ስፒናው ጎንበስ አለ።

ንብረት ያዧ ከየት መጣች ሳይባል መሐል ላይ ቆመች። መነጽሯን ከግንባሯ ወደ ዓይኗ አወረደች፤ ያን ጊዜ ነው ሰውዬው የቆመው። ደብዳቤውን ዘረጋችለት።

«ፊርማው የእርስዎ ነው?»

«የእኔ ነው፣ ታዲያስ?»

«በስድስት ሰዓት ይላል። ለስድስት ሰዓት አምስት ጉዳይ ነው። እስከዚያ ድረስ ይህ ዕቃ በእኔ እጅ ያለ ንብረት ነው፤ አይነካም።»

አምስት ደቂቃ፤ የቀሩት ዓመታትም አምስት! አሥራ አምስተኛው ዓመት ወረደ። አሥራ ስድስተኛው። ጫኞቹ ራሳቸው ተጠግተው ማየት ጀመሩ፤ አንዱ «ውሃው እየሸሸ ነው እንዴ?» አለ። አሥራ ሰባተኛው። ባለ ሦስት መስመሩ ሰዓቱን ያያል፣ እህቴ ስክሪኑን ታያለች። አሥራ ስምንተኛው። እኔ ኬብሉን በሁለት እጄ ይዤዋለሁ፤ ባልይዘውም እንደማይወድቅ እያወቅሁ። አሥራ ዘጠነኛው። የመጨረሻው መስመር፤ አሥራ አምስት ሜትር ከስልሳ።

ዲስኩ ጭርር ብሎ ቆመ። አራት ሜትር ከአሥራ ስምንት ሴንቲ! ውሃው ወርዷል፤ እያንዳንዷ ሴንቲ ቀን አላት! ጮህኩ፤ አላፍርም፣ እንደ ሕፃን ጮህኩ። ጫኞቹ አጨበጨቡ።

«ይህንን ማንም ቁጭ ብሎ ሊጽፈው ይችላል» አለ ባለ ሦስት መስመሩ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። «ማረጋገጫ አይሆንም።»

እህቴ ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እሱ የዞረችው። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«ስምንተኛውን ዓመት ያውጡልኝ» አለችኝ፤ በሰው ፊት አንቱ ስትለኝ ያኔ የመጀመሪያዋ ነው። አወጣሁ። አራት መስመሮች ላይ ከእሷ ቁጥር ጎን ሌላ ቁጥር አለ።

«ያኔ አዲስ ተቀጣሪ ነበሩ» አለችው። «ለቁጥጥር አራት ጊዜ መጥተው በገዛ እጅዎ ለክተዋል። የእርስዎን ከእኔ ጎን አስገብቻለሁ። አራቱም አንድ ናቸው። ሦስተኛው ላይ አንድ ሴንቲ በልጦብዎት ነበር፤ ገመዱን አላልተዋል አልኩዎት፣ እንደገና ለክተው አስተካከሉ። ፈርመው ወረቀቶቹን ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ይዘው ሄዱ። እነሱ ላይ ጣራ አላፈሰሰም መቼም።»

ባለ ሦስት መስመሩ ስብሰባ እንዳለበት ተናግሮ ወጣ። ጫኞቹ ማሽኑን ሳይነኩት ተከተሉት፤ ንብረት ያዧ «ማስረጃ» ብላ ጽፋ ክዳኑ ላይ ለጥፋበት ነበርና።

በስምንት ሰዓት ኮሚቴው ተቀመጠ። እኛ ቀረብን፤ እሱ አልቀረበም። ባለሙያው በሌሉበት መወሰን አንችልም ተባለ። በሳምንቱ ተቀመጠ፤ መስክ ላይ ናቸው ተባለ። ለሦስተኛ ጊዜ ተቀመጠ፤ ትንሽ አሟቸዋል። እህቴ ኮሚቴው እስኪወስን ተብላ ዛሬም ከሥራዋ ታግዳ ቤቷ ናት፤ ሁለተኛው ፓምፕ ደግሞ በመኪና ተጭኖ መጥቷል።

እንግዲህ ስማኝ፣ ባለ ሦስት መስመሩ! ስድስት ሺህ ዘጠኝ መቶ መስመር አትሜ በውሃ ቢሮው አጥር ላይ ከዳር እስከ ዳር ለጥፌዋለሁ፤ ሕዝቡ ባልዲውን አስቀምጦ እያነበበ ነው። ያንተን አራት መስመሮች በቀይ አስምሬባቸዋለሁ። አራቱ ወረቀቶች መሥሪያ ቤትህ ውስጥ፣ በገዛ ፊርማህ ተቀምጠዋል። ለኮሚቴው በር ዘግተህ አትንሾካሾክለት፤ ለእኔም ደብዳቤ አትጻፍልኝ። ሰኞ ከጠዋቱ በአራት ሰዓት፣ አጥሩ ሥር፣ ባልዲ የያዘው ሰው ሁሉ በሚሰማበት፣ ወረቀቶችህን ይዘህ ና፤ አራቱን ቁጥሮች ጮክ ብለህ አንብባቸው፤ ከዚያ አንዲት ጥያቄ መልስ፦ እነዚህን ቁጥሮች የፈጠረው ማን ነው፣ እህቴ ናት ወይስ አንተ?